ለአሮጌው ዩኒክስ ምን ይገዛ? ዳት፣ ኤልቲኦ ወይስ ምንም

መሥሪያ ቤታችሁ ከለገሃር እስከ ሜክሲኮ ካሉት ፎቆች በአንዱ ውስጥ ነው እንበል። ሰርቨር ክፍሉ ጥግ ላይ በኤችፒ-ዩኤክስ ወይም በኤአይኤክስ፣ ማለትም በዩኒክስ ዓይነት ሥርዓተ ክወና፣ የሚሠራ አሮጌ ማሽን አለ። ማንም ሊነካው አይደፍርም፤ ሥራው ግን እሱ ላይ ነው። የሶፍትዌሩ መጫኛ መሳቢያ ውስጥ ባለ ቴፕ ላይ ነው። ቴፕ ድራይቩ ደግሞ ከሞተ ቆይቷል።

ሻጭ ጋ ስትሄዱ መጀመሪያ የሚነግራችሁ ድራይቩ ስንት ጊጋ እንደሚይዝ ነው። ለእናንተ ጉዳይ ይሄ ብዙም አይጠቅምም። ሶፍትዌር ለመጫን የሚገዛ ድራይቭ ሁለት ነገር ካሟላ ይበቃል፤ ያላችሁን ቴፕ ማንበብና ማሽናችሁ ጀርባ ላይ መሰካት።

ዳት

ዳት ትንሽዬ ካሴት የሚጠቀም የቴፕ ዓይነት ነው፤ ዲዲኤስ ዳታው የሚጻፍበት ስልት ሲሆን ቁጥሩ ትውልዱን ይናገራል። ቴፑ ትንሽዬ ከሆነና ላዩ ላይ ዲዲኤስ የሚል ካለበት፣ ምርጫችሁ ዳት ብቻ ነው። ዲዲኤስ-3 ሳይታመቅ 12 ጊጋ፣ ዲዲኤስ-4 20 ጊጋ፣ ዳት 72 ደግሞ 36 ጊጋ ይይዛል። አዲሱን ብገዛ ሁሉንም ያነባል ብላችሁ እንዳትሸወዱ። ዳት 72 የሚያነበው እስከ ዲዲኤስ-3 ድረስ ነው። ዳት 160 የሚባለው ሰፋ ያለ ቴፕ ስለሚጠቀም ከዲዲኤስ-4 በታች አይወርድም። መሳቢያችሁ ውስጥ ያለው ዲዲኤስ-2 ከሆነ የሚያዋጣችሁ አሮጌው የዲዲኤስ-3 ወይም የዲዲኤስ-4 ድራይቭ ነው። እዚህ ቤት አሮጌ ይሻላል።

ድክመቱም አለው። የዳት ጭንቅላት እየተሽከረከረ ስለሚያነብ አቧራ ይጎዳዋል። ፒያሳና አካባቢዋ ስትቆፈር የከረመችውን አቧራ ላየ ሰው ይህን ማብራራት አያስፈልግም። ድራይቩን ስትገዙ ማጽጃ ካሴቱንም አብራችሁ ግዙ።

ኤልቲኦ

ኤልቲኦ ተለቅ ያለ ካሴት የሚጠቀም ሌላ የቴፕ ዓይነት ነው። በ2000 እ.ኤ.አ. በ100 ጊጋ ጀመረ፤ ኤልቲኦ-9 18 ቴራ ደርሷል። ለባክአፕ ከዳት ጋር አይወዳደርም፣ በሩቁ ይበልጠዋል። የዳት ካሴት ግን ጭራሽ አይገባበትም፤ ቅርጹም ስፋቱም ሌላ ነው። ስለዚህ መጫኛችሁ ዳት ላይ ከሆነ ኤልቲኦ መግዛት ለዚህ ጉዳይ ገንዘብ መጣል ነው።

ትርጉም የሚሰጠው የማሽኑን ሙሉ ቅጂ፣ ማለትም ቢበላሽ ከቴፕ ተነስቶ ራሱን የሚጭንበትን፣ መሥራት ስትፈልጉ ነው። ኤአይኤክስ ላይ ኤምኬሲስቢ የተባለው ትእዛዝ ይህን ይሠራል። ያን ጊዜም ቢሆን አዲሱን ትውልድ አትመኙ። ከኤልቲኦ-5 ወዲህ ያሉት ከማሽኑ ጋር የሚገናኙት በብዛት በሳስ ወይም በፋይበር ነው፣ የድሮ ማሽን ደግሞ የሚያውቀው ስካዚ የተባለውን የቆየ ማገናኛ ነው። እስከ ኤልቲኦ-7 ያሉት ድራይቮች ሁለት ትውልድ ወደ ኋላ ያነባሉ፤ ኤልቲኦ-8 ግን ከ7 በታች አያነብም። ከሐምሌ 2016 ዓ.ም. የምንዛሪ ለውጥ ወዲህ ደግሞ የአዲሱን ዋጋ መጠየቅ ራሱ ያስደነግጣል።

ስካዚ ካልን አይቀር፣ በተለይ የማይቀላቀሉ ሁለት ዓይነቶች እንዳሉ እወቁ፤ ኤችቪዲ እና ኤልቪዲ። ሶኬታቸው አንድ ይመስላል፣ ሁለቱም 68 ፒን ሊሆኑ ይችላሉ። የሚሠሩበት ቮልቴጅ ግን ይለያያል፤ አንዱን ከሌላው ጋር ማገናኘት ዕቃ ሊያቃጥል ይችላል። ሱቅ ከመሄዳችሁ በፊት የማሽኑን ጀርባ በስልክ ፎቶ አንሱ። ሶኬቱ አጠገብ ያለችው የአልማዝ ቅርጽ ምልክት የትኛው እንደሆነ ትናገራለች።

አለመግዛት

እኔን ብትጠይቁኝ ምርጫዬ ይሄ ነው። ድራይቭ ያለው መሥሪያ ቤት ወይም ነጋዴ ፈልጉና ለአንድ ቀን ተዋሱ፣ ካልሆነም ተከራዩ። ከዚያ ቴፑን አንድ ጊዜ ብቻ አንብባችሁ ዲስክ ላይ ገልብጡት። ኤችፒ-ዩኤክስ ላይ ኤስደብሊው-ኮፒ የተባለው ትእዛዝ ቴፑን ዲስክ ላይ ወዳለ ማከማቻ ይገለብጠዋል። በኋላ ኤስደብሊው-ኢንስቶል ከማከማቻው ይጭናል፤ ሌሎቹ ማሽኖችም በኔትወርክ ከዚያው ይወስዳሉ። ኤአይኤክስ ላይ ቢኤፍኤፍ-ክሪኤት ይገለብጣል፣ ኢንስቶል-ፒ ይጭናል። ሶላሪስ በተባለው ሌላው ዩኒክስ ላይ ፒኬጂ-ትራንስና ፒኬጂ-አድ ናቸው።

ጥቅሙ ቴፑን ማዳን ብቻ አይደለም። ቴፕ ወደፊትና ወደኋላ እየተጠቀለለ ስለሚነበብ አዝጋሚ ነው፤ በአንድ ጊዜ የሚያስተናግደውም አንድ ጫኝ ብቻ ነው። መሐል ላይ መብራት ቢሄድ ከመጀመሪያው መጀመር አለ። ከዲስክ ሲሆን ደቂቃዎች ይበቃሉ። ኤስደብሊው-ኢንስቶልም ሆነ ኢንስቶል-ፒ ላይ “ፒ” የሚለውን አማራጭ ብትጨምሩ ምንም ሳይጭኑ ምን ሊጭኑ እንደሆነ ያሳያሉ። ይህን ሳታዩ የሚጭነውን ትእዛዝ አትስጡ።

ካሴቱን ከማስገባታችሁ በፊት የመጻፍ መከልከያዋን እንዳይጻፍ ወደምታደርግበት በኩል አንሸራትቱ። ታር በተባለው የዩኒክስ ትእዛዝ የተጻፈና ብዙ ፋይል ያለበት ቴፕ ከሆነ ደግሞ ራሱን ወደ መጀመሪያው የማይመልሰውን የድራይቭ ስም ተጠቀሙ። ኤችፒ-ዩኤክስና ሶላሪስ ላይ መጨረሻው ላይ “ኤን” ፊደል ያለበት ነው፣ ኤአይኤክስ ላይ ነጥብና 1። ያለዚያ ሁለተኛውን ፋይል ስትፈልጉ መልሶ መልሶ የመጀመሪያውን ያነብላችኋል።

የሚያውሳችሁ ጠፍቶ ያገለገለ መግዛት ግድ ከሆነ፣ “መብራቱ በርቷል” የሚለው የሻጭ ማረጋገጫ ማረጋገጫ አይደለም። መብራቱ የሚበራ፣ ቴፕ የማያነብ ድራይቭ ሞልቷል። ደረሰኝ ላይ የምትታተመዋን “የተሸጠ ዕቃ አይመለስም” የምትል መስመር አስቀድማችሁ ተደራደሩባት። ወስዳችሁ አንድ ሙሉ ቴፕ ከዳር እስከ ዳር አስነብቡት፤ ካልሠራ መመለስ እንድትችሉ ሦስት ቀን በጽሑፍ ያስፍሩላችሁ። እንቢ ካሉ ሌላ ሱቅ ሂዱ።