ኤክስ26ፒ ታዘር፦ በጀርባዬ ሞክሬው የጻፍኩት

ብዙ ሰው ስለ ታዘር፣ በኤሌክትሪክ ንዝረት ሰውን ለጊዜው ስለሚያስቆመው መሣሪያ፣ የሚያወራው ቪዲዮ አይቶ ነው። እኔ ተተኩሶብኛል። አሜሪካ ውስጥ ጥበቃ ነኝ፤ መሣሪያውን ለመታጠቅ ስልጠና መውሰድ ነበረብኝ። መመታቱ በፈቃደኝነት ነበር። በሰው ላይ የምተኩሰውን ነገር ሳላውቀው መያዝ ስላልፈለግኩ እሺ አልኩ።

መጀመሪያ ስለ ዕቃው። ቀላል ነው፣ እጅ ላይ ደህና ይቀመጣል። ቃታውን ስትስቡት የታመቀ ናይትሮጂን መንጠቆ ያላቸው ሁለት ትንንሽ መርፌዎችን ይወረውራል። ቀጫጭን ሽቦዎች ከኋላቸው ይከተላሉ። 50,000 ቮልት ሲባል ሰው ይደነግጣል። ያ ግን ብልጭታው አየሩን ወይም ልብሱን ዘሎ እንዲያልፍ ነው፤ ሰውነት ላይ የሚደርሰው ከዚያ በጣም ያነሰ ነው። ጡንቻን የሚያስረው በሰከንድ 19 ጊዜ እየተደጋገመ የሚመጣው ምት ነው። አንዴ ቃታው ከተሳበ 5 ሰከንድ ይቆያል። ጣት ካልተነሳ ደግሞ ይቀጥላል።

ሁለት ልጆች ግራና ቀኝ ክንዴን ያዙኝ። ከፊቴ ፍራሽ ተነጥፏል። ከኋላዬ "ታዘር! ታዘር!" የሚል ድምፅ ሰማሁ። አንዱ መርፌ ከትከሻዬ ዝቅ ብሎ፣ ሌላው ከወገቤ ከፍ ብሎ ተሰካ። ሕመሙን ጠብቄው ነበር። ያልጠበቅኩት መላ ሰውነቴ እንደ ጣውላ ድርቅ ማለቱን ነው። ልጮህ ስል የወጣኝ ማቃሰት ብቻ ነበር። ሦስተኛው ሰከንድ ላይ ይመስለኛል፣ አሰልጣኛችን "እጅህን ወደኋላ!" ብለው ጮኹ። ሰማኋቸው። ምን እንዳሉም ገብቶኛል። እጄ ግን እምቢ አለኝ። ደረቴ ስር ተጣጥፎ ቀረ።

ሲያበቃ አሰልጣኛችን ከጎኔ በርከክ አሉ። ረጅም ዘመን ፖሊስ የነበሩ ሰው ናቸው። "አየህ፣ ብዙ ፖሊስ እዚህ ጋ ነው ድጋሚ የሚስበው" አሉኝ። ለሌሎቹም አስረዱ። የተመታ ሰው እጁን ስላልሰጠ እምቢተኛ ነው ማለት አይደለም። ምቱ ቆሞ፣ ትንፋሽ አግኝቶ፣ ከዚያ ነው ትእዛዝ መፈጸም የሚችለው። ያንን ጊዜ ካልሰጠኸው ሁለተኛው ምት ይመጣል፣ ሦስተኛውም ይከተላል። ሪፖርቱ ላይ የሚጻፈው ግን "ትእዛዝ አልቀበልም አለ" የሚል ነው። እኔ ፍራሽ ላይ ተኝቼ፣ ጥፋት ሳይኖርብኝ፣ ልታዘዝ ፈልጌ እንኳ አልቻልኩም። እ.ኤ.አ. በ2011 የአሜሪካ የፖሊስ ኃላፊዎች የምርምር መድረክ ከፍትሕ ሚኒስቴሩ ጋር ያወጣው መመሪያ ከሦስት ባለ 5 ሰከንድ ምት ወይም በድምሩ ከ15 ሰከንድ በላይ መሄድ ለሞት ወይም ለከባድ ጉዳት ሊያጋልጥ እንደሚችል ያስጠነቅቃል። አምስቷን ሰከንድ ለቀመሰ ሰው 15 በጣም ብዙ ነው።

የወደድኩለት ነገር አለ። ቃታው የተሳበበትን ሰዓትና ምቱ የቆየበትን ሰከንድ ራሱ ይመዘግባል። ማንም በኋላ "አንዴ ብቻ ነው" ብሎ ሊሸፍነው አይችልም። ሲተኮስ ደግሞ መለያ ቁጥር ያለባቸው ትንንሽ ወረቀቶች ይበተናሉ፤ ካርትሪጁ (መርፌዎቹ ያሉበት ተቀያሪ ክፍል) የማን እንደሆነ ይታወቃል።

ያልወደድኩት፣ ሁሌ አይሠራም። ወፍራም ካፖርት ያስቆመዋል። አንዱ መርፌ ከሳተ አለቀ። በጣም ከቀረባችሁ መርፌዎቹ ተጠጋግተው ይሰካሉና ጡንቻ አያስሩም። ጣጣጣ የሚል ኃይለኛ ድምፅ ከሰማችሁ ደህና አልያዘም ማለት ነው፤ ሲይዝ ጸጥ ይላል። ያለ መርፌ አፉን ገላ ላይ ደግኖ መንዘርም ይቻላል። ይሄ ሰውን አያስቆምም፣ ያሳምማል እንጂ። ለእኔ ማሰቃየት ነው፤ ባይኖረው እመርጣለሁ።

ዕቃውን ብቻ ከጠየቃችሁኝ ከ5 ኮከብ 3 እሰጠዋለሁ። ቢላ ይዞ በሚመጣ ሰው ላይ ከሽጉጥ በፊት ይሄ መኖሩ ነፍስ ያድናል፤ በዚህ አልከራከርም። የሚያሳስበኝ ቢላ በሌለበት ሲወጣ ነው። የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት እ.ኤ.አ. በ1989 ኃይል ሲመዘን ወንጀሉ ምን ያህል ከባድ ነው፣ ሰውየው አሁን አደጋ ነው ወይ፣ ይታገላል ወይም ይሸሻል ወይ ተብሎ ይታይ ብሏል። እ.ኤ.አ. በ2010 ደግሞ አንድ ይግባኝ ሰሚ ፍርድ ቤት የመቀመጫ ቀበቶ ባለማሰሩ ፖሊስ ያስቆመውን ወጣት ጉዳይ አየ። ልጁ በቁምጣ ነበር፣ መሣሪያ አልያዘም፣ ከፖሊሱ ቢያንስ 6 ሜትር ይርቃል፤ በራሱ ተናዶ ይጮህ ነበር። ተተኮሰበት፣ በፊቱ ተደፋ፣ አራት ጥርሱ ተሰበረ። ፍርድ ቤቱ ከልክ ያለፈ ኃይል ነው አለ። ፖሊሱ ግን ያኔ ሕጉ ግልጽ አልነበረም ተብሎ ነፃ ወጣ። ለልጁ ጥርስ ይሄ ምን ይጠቅመዋል?

እኔ ከታጠቅኩት ሁለት ዓመት ሆነኝ። አንድ ማታ መኪና ማቆሚያ ፎቅ ላይ አንድ ሰው የደረጃውን ብረት ጨብጦ ይጮህብኝ ነበር። ውጣ ብለው አልሰማ አለ። እጄ ወደ ወገቤ ሄደ። ከኋላው ያለውን ደረጃ ሳይ ፍራሹ ትዝ አለኝ። እዚያ ፍራሽ የለም። እጄን መለስኩ፣ ሁለት እርምጃ ወደኋላ አልኩና ዝም ብዬ ጠበቅኩት። ሃያ ደቂቃ ያህል ጮኸ። ከዚያ ደረጃው ላይ ቁጭ አለና ውኃ ስጠኝ አለኝ።