ሆዳችሁን ለሚያማችሁ ሁሉ፦ የ1 ደቂቃውን «ሙሉ ምርመራ» አትግዙ

ሆዱን እያመመው ምክንያቱ ያልታወቀለት ሰው ካለ ይህን ያንብበው። ቤተሰባችሁ ውስጥ እንዲህ ያለ ሰው ካለም አድርሱለት። አዲስ አበባ ውስጥ የገጠመኝን ነው የምጽፈው። የምርመራ ቤቱን ስም አልጠራም፤ ዕቃውም አሠራሩም ሌላ ቦታ ስላለ ስሙ ብዙ አይጠቅማችሁም። አሠራሩን ካወቃችሁት በየትም ስም ቢመጣ ትለዩታላችሁ።

እንዲህ ነው። የብረት ዘንግ በመዳፋችሁ ያስጨብጧችኋል። ዘንጉ በሽቦ ከአንድ ትንሽ ሳጥን ጋር ይያያዛል፣ ሳጥኑ ደግሞ ላፕቶፕ ላይ ይሰካል። ስም፣ ዕድሜ፣ ፆታ፣ ቁመትና ኪሎ ይጠይቋችሁና ይጽፋሉ። 1 ደቂቃ ያህል ትጠብቃላችሁ። ከዚያ ወረቀቱ ይታተማል፤ ጉበት፣ ኩላሊት፣ ቆሽት፣ ሐሞት ከረጢት፣ የአጥንት ጥንካሬ፣ ቫይታሚን፣ አለርጂ፣ ቆዳና ዓይን ሳይቀር። ደም አልተቀዳ፣ ሽንት አልተሰጠ፣ ሆዳችሁን የነካ ሰው የለ። መሣሪያው «ኳንተም ሬዞናንስ ማግኔቲክ አናላይዘር» ይባላል። ስሙን ከኤምአርአይ ጋር የሚያመሳስሉት ሰዎች አሉ። በፍጹም አይገናኙም። ኤምአርአይ ሰው የሚገባበት፣ ለብቻው ክፍል የሚሠራለት ትልቅ ማግኔት ነው። ይሄኛው ቦርሳ ውስጥ ይገባል።

እኔን ሆዴን ማመም ከጀመረኝ ከዓመት በላይ ሆኗል። ከእምብርቴ በላይ ይጀምርና ወደ ቀኝ ጎኔ ይሄዳል። አንዳንዴ ከምግብ በኋላ ነው፣ አንዳንዴ ደግሞ ሌሊት ያስነሳኛል። አልትራሳውንድ ተነሣሁ፣ ደም ሰጠሁ፣ ሰገራ ተመረመርኩ፤ ሁሉም ደህና ነው ተባለ። ሐኪሜ ፍለጋውን አላቆመም፣ ግን ወረፋው ረጅም ነው፣ ሕመሙ ደግሞ ወረፋ አይጠብቅም። ያኔ ነው አንዲት ጎረቤታችን «በአንድ ቀን ሁሉንም ያሳያል» ብላ እኔንና አክስቴን ይዛን የሄደችው።

መጀመሪያ የተመረመረችው አክስቴ ናት። የአክስቴ ሐሞት ከረጢት በጠጠር ምክንያት ከዓመታት በፊት በኦፕራሲዮን ወጥቷል፤ ጠባሳው አሁንም ሆዷ ላይ አለ። ወረቀቱ ሲታተም ግን ለሐሞት ከረጢቷ አንድ ሙሉ ገጽ ተሰጥቶታል፤ «መጠነኛ የሥራ መዛባት» ይላል። ነጭ ጋዋን የለበሰውን ልጅ የወጣ ነገር እንዴት ተለካ ብዬ ጠየቅሁት። «አካሉ ቢወጣም ኢነርጂው ቦታው ላይ ይቀራል» አለኝ። ለአክስቴም የሐሞት ከረጢት ማጽጃ ታዘዘላት።

የእኔም ወረቀት ወጣ። የጨጓራ እንቅስቃሴ የሚል መስመር አለው። ትክክለኛው መጠን ከ58.425 እስከ 61.213 ነው ይላል፣ የእኔ ከዚያ በታች ነው። ቁጥሩ ከነጥብ በኋላ ሦስት አሐዝ ስላለው ያሳምናል። እንዲህ ያለ መለኪያ ግን ሐኪም ቤት የለም። ለሐኪሜ ባሳየው ምን ሊያደርገው እንደሚችል አስቡት፤ በምን ተለካ፣ መለኪያውስ ምንድን ነው፣ የሚያውቅ የለም። ወረቀቱ ላይ ቢሊሩቢንም አለ፤ ቢሊሩቢን ግን ደም ውስጥ ያለ ቢጫ ነገር ነው፣ መጠኑን ለማወቅ ደም መቀዳት አለበት። የአጥንት ጥንካሬ የሚታየው በራጅ ጨረር ነው። መዳፍ ላይ ያለ ላብ ኤሌክትሪክ ያስተላልፋል፤ ብረት ዘንግ ጨብጦ ሊለካ የሚችለው ቢበዛ እሱን ነው። የቀረውን የሚሞላው ሶፍትዌሩ ነው። እስኪ ዕድሜዬን ቀይራችሁ አሁኑኑ ድገሙልኝ ስላቸው በቀን አንዴ ብቻ ነው የሚፈቀደው አሉኝ።

ምርመራው ራሱ ውድ አይደለም፣ 500 ብር ነው። የሚበላችሁ ከወረቀቱ በኋላ የሚመጣው ነው። የ3 ወር ፓኬጅ አወጡልኝ፤ ክኒን፣ ሻይ፣ አንጀት ያጸዳል የተባለ ዱቄት፣ ሲደመር ከ20 ሺህ ብር በላይ። ዛሬ ከከፈልሽ ቅናሽ አለው፣ ነገ ዋጋው ይጨምራል አሉኝ። ሁለት ሰው ካመጣሽ ደግሞ ኮሚሽን ታገኛለሽ ተባልኩ። ጎረቤታችን ለምን እንደለፋችልን የገባኝ እዚያ ላይ ነው፣ እሷም ተበድራ የገባችበት መሆኑን በኋላ ሰማሁ። ሰው በሰው እያመጡ ኮሚሽን የሚከፈልበት የፒራሚድ ሽያጭ በአዋጅ ቁጥር 813/2006 የተከለከለ ነው። ይህንንም እወቁት።

ከብሩ በላይ ያናደደኝ ግን ሌላ ነው። «ሐኪም ያዘዘልሽን አቁሚ፣ ኬሚካል ነው፣ ከእኛ ጋር ይጋጫል» አሉኝ። እዚያ ወንበር ላይ የስኳር መድኃኒት የሚወስዱ አባት ተቀምጠው ነበር። ለእሳቸውም ይህንኑ ሲሏቸው ሰምቻለሁ። ከክፍሉ ስወጣ አባባ፣ እባክዎ መድኃኒትዎን እንዳያቆሙ ብያቸዋለሁ፤ ይስሙኝ አይስሙኝ አላውቅም።

ሰው ለምን ይሄዳል? ስለሚያመው ነው። በሽታዬ ይሄ ነው ብሎ መናገር ያልቻለ ሰው ቤተሰቡም አለቃውም እሱን ማመን ያቅታቸዋል። ከሐኪም ቤት «ምንም አልተገኘም» ተብሎ ሲወጣ ደግሞ ውሸታም የተባለ ይመስለዋል። እነዚህ ሰዎች ለዚያ ሰው የሚሸጡለት የበሽታ ስም ነው፤ ገዝቶ ሲወጣ ለጥቂት ቀን ቀለል ይለዋል። ሕመሙ ግን እዚያው ነው፣ ሊያስመረምርበት የነበረው ብርም አልቋል።

ስለዚህ ይህንን ያዙ። አልትራሳውንድ የሐሞት ጠጠርን በደንብ ያሳያል፣ የጨጓራ ቁስልን ግን አያሳይም፤ ለእሱ በአፍ በሚገባ ቀጭን ካሜራ የሚታይበት ኢንዶስኮፒ ነው። ኢንዶስኮፒው ደግሞ ጨጓራን ያያል እንጂ ትንሹን አንጀት በሙሉ አያይም። የማህፀን ግድግዳ መሰል ሕዋስ ከማህፀን ውጭ የሚበቅልበት ኢንዶሜትሪዮሲስ የሚባል በሽታ አለ፤ አልትራሳውንዱ ንጹሕ ሆኖ በሽታው ሊኖር ይችላል። እህቶች፣ ሕመሙ ከወር አበባ ጋር የሚመጣ የሚሄድ ከሆነ ይህን ለሐኪም ሳትናገሩ አትውጡ። የአንጀት ቁጣ (አይቢኤስ) የሚሉት ደግሞ በየትኛውም ፎቶ አይታይም፤ ሐኪም የሚለየው በታሪኩ ነው፦ ላለፉት 3 ወራት በአማካይ በሳምንት ቢያንስ 1 ቀን የሚያም፣ ከሰገራ መውጣት ወይም ከሰገራው መለዋወጥ ጋር የተያያዘ፣ ከጀመረ 6 ወር ያለፈው። የሆድ ቲቢም በእኛ አገር አለ። አንድ ምርመራ ደህና ነው ማለት የተወሰነው ተጣርቷል ማለት ነው እንጂ ፍለጋው አለቀ ማለት አይደለም።

ስለ ጨጓራ ባክቴሪያም አንድ ነገር ልጨምር፣ እዚህም ብዙ ብር ስለሚባክን። ኤች ፓይሎሪን በደም የሚያዩት ምርመራ የሚያገኘው ሰውነት የሠራውን መከላከያ ነው። ባክቴሪያው በመድኃኒት ከጠፋ በኋላም ለወራት፣ አንዳንዴም ለዓመታት «አለ» ሊል ይችላል። መድኃኒት ጨርሳችሁ በደም አረጋግጡ የሚላችሁ ካለ የሰገራውን ጠይቁ። የሰገራው ትክክል እንዲሆን የጨጓራ አሲድ የሚቀንሰውን ኦሜፕራዞልን 2 ሳምንት፣ አንቲባዮቲክን 4 ሳምንት ያቆመ ሰው መሆን አለበት፤ ያንንም በሐኪም ምክር። ሳያጣሩ በየወሩ አንቲባዮቲክ መዋጥ ግን ይቅርባችሁ።

መጠበቅ የሌለባቸው ምልክቶችም አሉ። ሳታስቡት ኪሎ ከቀነሳችሁ፣ ሰገራችሁ ጥቁር ከሆነ ወይም ደም ካለው፣ ደም ካስታወካችሁ፣ ዓይናችሁ ቢጫ ከሆነ፣ መዋጥ ካስቸገራችሁ፣ ሌሊት ላብ የሚያጠምቅ ትኩሳት ካለ፣ ሆዳችሁ ደርቆ ሲነካ የማያስችል ከሆነ፣ ወረፋም ፓኬጅም አትጠብቁ። ወደ ሆስፒታል ሂዱ።

ለእኔ የረዳኝ ርካሽ ነገር ደብተር ነው። መቼ እንዳመመኝ፣ የት እንደጀመረ፣ ምን እንደበላሁ፣ ሰገራዬ እንዴት እንደነበር፣ የወር አበባዬ የት እንደደረሰ እጽፋለሁ። ሐኪሙ በአጭሩ የቀጠሮ ሰዓት ውስጥ ከእኔ ትዝታ ይልቅ እሱን ሲያነብ የሚጠይቀው ጥያቄ ተቀየረ። የድሮ ውጤቶቼን በአንድ ፋይል አስቀምጫለሁ፤ አዲስ ቦታ ስሄድ ያንኑ ምርመራ እንደገና አልከፍልም።

አስቀድማችሁ የከፈላችሁ ካላችሁ አታፍሩ፣ ወረቀቱንም አትጣሉት። ደረሰኙን እዩት፤ የተጻፈው የሕክምና አገልግሎት ነው ወይስ የዕቃ ሽያጭ? ደረሰኝ ካልሰጧችሁ ጠይቁ፣ እምቢ ካሉ የከፈላችሁበትን የባንክ መልእክት አስቀምጡ። የክኒኑን ማሸጊያ ፎቶ አንሱ፣ የምዝገባ ቁጥርና የሚያበቃበት ቀን እንዲታይ አድርጋችሁ። ከዚያ ለኢትዮጵያ ምግብና መድኃኒት ባለሥልጣን በ8482 ደውላችሁ ተናገሩ። ጀምራችሁ ከሆነ ደግሞ የምትወስዱትን ሁሉ ይዛችሁ ለሐኪማችሁ አሳዩ፤ ጉበት የሚጎዳ ቅመም ያለበት ሊኖር ይችላል፣ እሱ ምን እንደዋጣችሁ ካላወቀ የደም ውጤታችሁን በትክክል ሊያነበው አይችልም።