አልጠፋ ላለ የመኪና አላርም፦ ኮዬ ፈጬ ቤት ድረስ የሚመጣው ኤሌትሪሺያን

ኮዬ ፈጬ ላላችሁ ባለመኪኖች ነው። እዚሁ ሰፈር ሲደወልለት ያላችሁበት ድረስ የሚመጣ አውቶ ኤሌትሪሺያን አለ፤ ጎሚስታዎቹን ብትጠይቁ ይጠቁሟችኋል። ሥራው አሪፍ ነው። ሰዓት ማክበር ላይ ግን ዜሮ!

የኔ ቪትዝ አላርሙ በኋላ የተገጠመ ነው። ማታ ድንገት ጀመረው። ሪሞቱን ስጫነው ዝም ይላል፣ ደረጃውን ሳልጨርስ እንደገና ይለቀዋል፣ ፍሬቻው ብልጭ ድርግም እያለ። በረንዳው ሁሉ ሰው ሆነ። ሦስተኛ ፎቅ ያሉት እትዬ «ልጄ፣ ኧረ በፈጠረህ ገላግለን!» አሉኝ። ጥበቃው የባትሪውን ገመድ ነቀለልኝ፣ ጭራሽ ባሰበት። ለካ አንዳንድ ሳይረን ውስጡ የራሱ ትንሽ ባትሪ አለው። ሌባ የመኪናውን ባትሪ ቢነቅል እንኳ እንዲጮኽ ተብሎ የተሠራ ነው።

ኤሌትሪሺያኑ ስደውልለት «20 ደቂቃ» ብሎ ከአንድ ሰዓት በላይ አስጠበቀን። እንደመጣ መጀመሪያ ያደረገው የተነቀለውን ገመድ መመለስ ነው። ከዚያ ሪሞቱን ተጫነ፣ ቁልፉን ኦን ላይ አድርጎ ከዳሽቦርዱ ሥር የተደበቀች ትንሽ በተን በጣቱ ዳብሶ አገኘና ተጫናት። ጸጥ። አላርሙን ለጊዜው የምታስተኛው እሷ ነች፤ ያገለገለ መኪና ስትገዙ የት እንዳለች ሻጩን ጠይቁት፣ አጫጫኗ እንደ አላርሙ ዓይነት ይለያያል።

የወደድኩት ግን ከዚያ በኋላ ያለውን ነው። «ጠፋ፣ ሂሳብ» ብሎ አልሄደም። ኮፈኑን ከፍቶ፣ ኮፈን ሲዘጋ ወደታች የምትጫነዋን ስዊች በስልኩ መብራት አሳየኝ። ጭቃና ዝገት በልቷታል። አላርሙ ኮፈኑ የተከፈተ እየመሰለው ነበር የሚጮኸው። አዲስ ቀየረልኝ፣ ንዝረት ሲሰማው አላርሙን የሚያስጮኸውን ሾክ ሴንሰርም በካቻቪቴ ትንሽ ቀነሰው፤ እኛ ሰፈር ሲኖትራክ ባለፈ ቁጥር ይንጫጫ ነበርና። ባትሪውንም በቴስተር ለካው፣ 12.1 ቮልት አለ። ሞተር ጠፍቶ ሙሉ ባትሪ 12.6 አካባቢ ነው፣ የደከመ ባትሪም አላርም ያሳብዳል አለኝ።

ከዚህ በፊት የሄድኩበት ጋራዥ «ቆርጠን እንጣለው» ነበር ያለኝ። እንዳታደርጉት። ብዙ አላርሞች የማስነሻው መስመር ላይ ስለሚያያዙ፣ ዝም ብሎ ሽቦ የቆረጠ ሰው ጠዋት የማይነሳ መኪና ሊያስረክባችሁ ይችላል።

ስዊቿን ጨምሮ 1,800 ብር ከፈልኩ። ለማታ ሥራ አልተወደደብኝም፣ ደረሰኝ ግን የለውም። ዋጋውን በስልክ ጨርሱ። መኪናው እየጮኸ፣ ጎረቤት ከላይ እያየ ክርክር የሚባል ነገር የለም።