ስምንት ወር ከሪሞት ዴስክቶፕ ጋር፦ ፒንግ ስል የመለሰልኝ ማን ነበር?

የቢሮዬ ኮምፒውተር ከጠረጴዛ ሥር የሚቀመጥ ከባድ ዴስክቶፕ ነው። ቤት ያለኝ ደግሞ ዕድሜው የገፋ ላፕቶፕ። በሳምንት ሦስት ቀን ከቤት መሥራት ስጀምር ፋይሎቼን በፍላሽ እያመላለስሁ ጥቂት ሰነበትሁ፤ የትኛው ቅጂ የመጨረሻው እንደሆነ ሲጠፋብኝ ግን ከዊንዶውስ ጋር አብሮ የሚመጣውን፣ የሩቁን ኮምፒውተር ስክሪን ከፍቶ የሚያሠራውን ሪሞት ዴስክቶፕ መጠቀም ያዝሁ። ይኸው ስምንት ወር ሆነን። ፍርዴን ከወዲሁ ልናገርና ልገላገል፦ ስክሪኑ አንዴ ከመጣልኝ በኋላ ያስቸገረኝ ቀን ጥቂት ነው። ያንገበገበኝ ነገር ከሞላ ጎደል ሁሉም ያለው ስክሪኑ እስኪመጣ ባለው መንገድ ላይ ነው።

ለመጀመር ያሰበ ሰው አስቀድሞ የዊንዶውሱን እትም ይመልከት። ሆም የሚባለው እትም ወደ ሌላ ኮምፒውተር ይገባል እንጂ ሌላውን አያስገባም፤ እንግዳ ለመቀበል ፕሮ ወይም ከዚያ በላይ መሆን አለበት። የቢሮው ፕሮ ስለሆነ ከቤት ወደ ቢሮ ለመግባት ምንም አልጎደለኝም። የላፕቶፑን እትም ያሳደግሁት ቆይቶ፣ ከቢሮ ሆኜ ቤት የረሳሁትን ፋይል መፈለግ ሲበዛብኝ ነው።

በመጀመሪያው ጠዋት ስሞክር መገናኘት እንዳልተቻለ የሚገልጽ መልእክት መጣ፤ ከሥሩም ሦስት ምክንያቶች ተደርድረዋል። ወይ የርቀት መግቢያው አልተፈቀደም፣ ወይ ኮምፒውተሩ ጠፍቷል፣ ወይ ኔትወርኩ ላይ አይገኝም። በሽተኛውን ሳያይ “ወይ ታሟል፣ ወይ ተኝቷል፣ ወይ ቤት የለም” የሚል ሐኪም ይመስላል። የእኔው ተኝቶ ነበር። ኃይል ለመቆጠብ ሲባል ለ30 ደቂቃ ሥራ ከፈታ እንቅልፍ እንዲወስደው የታዘዘ ኮምፒውተር ከሩቅ ቢያንኳኩበት አይሰማም። የኃይል ቅንብሩን ከፍቼ እንዳይተኛ አደረግሁ። ስክሪኑ ቢጠፋ ግድ የለም፤ እሱን ማንም አያየውም።

ከዚያ ደግሞ መብራት ጠፍቶ ሲመለስ ኮምፒውተሩ እንደጠፋ ቀረ። ለዚህ የሚሆን ቅንብር ያለው ዊንዶውስ ውስጥ ሳይሆን ባዮስ ውስጥ፣ ማለትም ከዊንዶውስ በፊት በሚነሣው የኮምፒውተሩ መሠረታዊ ፕሮግራም ውስጥ ነው፤ ኃይል ሲመለስ በራሱ ተነሥ ብሎ ያዝዛል። በኔትወርክ የመቀስቀሻ ዘዴም አለ፣ ዌክ ኦን ላን የሚባል። የሚላከው መልእክት 102 ባይት ነው፦ መጀመሪያ 6 ባይት ማንቂያ፣ ቀጥሎ የኔትወርክ ካርዱ መለያ አድራሻ 16 ጊዜ ተደጋግሞ። የተኛን ሰው በስሙ 16 ጊዜ ጠርቶ እንደማስነሣት ነው፤ ሐሳቡን ወድጄዋለሁ። ነገር ግን መልእክቱ በተለምዶ ራውተር ተሻግሮ ወደ ሌላ ኔትወርክ ስለማይሄድ፣ ቢሮ ውስጥ ሁልጊዜ የበራ ሌላ መሣሪያ ሊልክልኝ ይገባ ነበር። ስለዚህ በባዮሱ ተወሰንሁ። ዲስኩ ቢትሎከር በተባለው የዊንዶውስ መቆለፊያ ተቆልፎ ሲነሣ ፒን የሚጠይቅ ኮምፒውተር ያለው ሰው ግን ይህም ላይበቃው ይችላል፤ ፒኑ የሚጠየቀው ዊንዶውስ ከመነሣቱ በፊት ስለሆነ ሪሞት ዴስክቶፕ ገና የለም።

የይለፍ ቃል ጉዳይ አንድ ከሰዓት በልቶብኛል። ላፕቶፑን ሁልጊዜ የምከፍተው በፒን ነው፤ ከቢሮ ሆኜ ያንኑ ብሰጠው አልቀበልም አለኝ። ፒን የሚያገለግለው በተፈጠረበት መሣሪያ ላይ ብቻ ነው፤ ከሩቅ የሚመጣ ሰው የሚጠየቀው የአካውንቱን ሙሉ የይለፍ ቃል ነው። እኔ ደግሞ እሱን ከረሳሁት ቆይቻለሁ።

አሁን ወደ ዋናው ጉድ። መሥሪያ ቤታችን ከውጭ የሚገባ ሁሉ በቪፒኤን፣ ማለትም በኢንተርኔት ውስጥ በሚያልፍ የተመሰጠረ የግል መንገድ እንዲያልፍ ያስገድዳል፤ ትክክልም ነው። አንድ ሰኞ ቪፒኤኑ ተገናኝቻለሁ ይላል፣ ኮምፒውተሩም መብራቱን ባልደረባዬን ልኬ አረጋግጫለሁ፣ ሪሞት ዴስክቶፕ ግን እምቢ አለ። አድራሻው 192.168.1.20 ነው። ፒንግ አደረግሁት፤ “አለህ ወይ?” ብሎ መልስ የሚጠብቅ አጭር መልእክት ላክሁበት ማለት ነው። መለሰልኝ! ለአራት ጥያቄ አራት መልስ። እንግዲህ መንገዱ ሰላም ከሆነ ጥፋቱ የኮምፒውተሩ ነው ብዬ ደመደምሁና ምስኪን ባልደረባዬን ፋየርዎል (በኔትወርክ የሚገባና የሚወጣውን የሚቆጣጠረውን ዘብ) ሳስከፍት፣ ሳስዘጋ፣ ኮምፒውተሩን ሳስነሣ ሁለት ሰዓት አባከንሁ። በመጨረሻ የአይቲ ባለሙያዋ ደወለችልኝና መልሱ በስንት ሚሊሰከንድ እንደመጣ ጠየቀችኝ።

“በአንድ” አልኋት።

“ከቢሮው ግድግዳ ሥር ነው እንዴ የሚኖሩት?” አለችኝና ሳቀች።

በቪፒኤኑ በኩል ቢሮ ደርሶ የሚመለስ መልስ እኔ ዘንድ ከ40 ሚሊሰከንድ ወርዶ አያውቅም። በአንድ ሚሊሰከንድ የመለሰልኝ እዚያው ቤቴ ውስጥ ያለ ነገር ነበር። ፕሪንተሬ! ቅዳሜ የቤቴን ራውተር ለውጬ ነበር፤ አዲሱ ለቤት ዕቃዎቼ የሚያድለው አድራሻ በ192.168.1 የሚጀምር ነው፣ ቢሮውም የሚጠቀመው ያንኑ ነው። ላፕቶፔ 192.168.1.20 ሲባል “ይህማ ጎረቤቴ ነው” ብሎ ወደ ቪፒኤኑ ሳይልክ እዚሁ ቤት ውስጥ ፈለገው፤ አገኘውም። ሁለት ሰዓት ሙሉ ፕሪንተሬን ዴስክቶፕ ሁንልኝ እያልሁ ስለምነው ነበር ማለት ነው።

ለአንድ ሰው ተብሎ የቢሮ ኔትወርክ አይለወጥምና የቤቱን ወደ 192.168.77 ቀየርሁት፤ አምስት ደቂቃ አልፈጀም። ከዚያ ወዲህ ፒንግን አላምነውም። ፒንግ የሚነግረኝ በዚያ አድራሻ አንድ መሣሪያ በሕይወት መኖሩን ነው፤ ሪሞት ዴስክቶፕ የሚያዳምጥበት በር፣ ማለትም ፖርት 3389 ክፍት መሆኑን አይደለም። ፋየርዎል ፒንግን ከልክሎ ፖርቱን ሊፈቅድም ስለሚችል ዝምታውም ቢሆን ምስክር አይሆንም። አሁን የዊንዶውስን የትእዛዝ መስኮት ፓወርሼልን ከፍቼ ቴስት-ኔትኮኔክሽን የሚለውን ትእዛዝ ከነፖርት ቁጥሩ እሰጣለሁ። ፖርቱ ከመለሰ የቀረው የስምና የይለፍ ቃል ነገር ነው። ካልመለሰ ስለ ይለፍ ቃል መጨነቅ ከንቱ ነው፤ እንቅልፍን፣ ቪፒኤንን፣ ፋየርዎልን በተራ አያለሁ። በአድራሻው ገብቶ በኮምፒውተሩ ስም አልገባ ካለ ደግሞ ችግሩ ስሙን ወደ አድራሻ የሚተረጉመው ዲኤንኤስ ጋ ነው።

ከቢሮ ወደ ቤት የሚወስደውን መንገድ ስከፍት የሠራሁት ስህተት የሚያሳፍር ነው። ቤቴ ራውተር ላይ 3389ን ከኢንተርኔት በቀጥታ ወደ ላፕቶፑ አስተላለፍሁት። እጅግ በቀላሉ ሠራ። በሦስተኛው ቀን በኢቨንት ቪውወር የደኅንነት መዝገቡን ስከፍት ቁጥር 4625 ማለትም ያልተሳካ የመግቢያ ሙከራ፣ ገጽ በገጽ ተከታትሎ ተመዝግቧል። አድሚኒስትሬተር፣ ቴስት፣ ዩዘር… የማላውቃቸው ሰዎች፣ ምናልባትም ሰው ያልሆኑ ፕሮግራሞች፣ ሌት ተቀን የበሬን ቁልፍ ሲገምቱ ነበር። የፖርቱን ቁጥር መቀየር ጫጫታውን ይቀንሳል እንጂ በሩን አይዘጋውም። ደግሞስ መገመት የማያስፈልግበት ጊዜም አለ፤ በ2019 ይፋ የሆነው ብሉኪፕ የተባለው ቀዳዳ በቆዩ የዊንዶውስ ስሪቶች ላይ ያለ ምንም የይለፍ ቃል በዚሁ አገልግሎት በኩል የሚያስገባ ነበር። ማይክሮሶፍት ድጋፉን ካቋረጠ ለቆየው ለዊንዶውስ ኤክስፒ ሳይቀር ማስተካከያ ማውጣቱ የነገሩን ክብደት ያሳያል።

ፖርቱን በዚያው ሌሊት ዘጋሁትና፣ የአይቲ ክፍሉን አስፈቅጄ፣ ዋየርጋርድ የተባለውን ቪፒኤን ራውተሬ ላይ አቆምሁ። ዋየርጋርድ ቁልፍ ለሌለው ሰው መልስ እንኳ አይሰጥም፤ ከውጭ ላንኳኳ ቤቱ ባዶ ይመስላል። ይህን የሚሞክር ሰው ራውተሩ ከውጭ በኩል የተሰጠውን አድራሻ ይመልከት፤ ከ100.64 እስከ 100.127 ባለው ውስጥ የሚጀምር ከሆነ የኢንተርኔት አቅራቢው አንድ አድራሻ ለብዙ ደንበኞች አካፍሏልና ከውጭ በቀጥታ መግባት አይቻልም።

ስክሪኑ ከመጣ በኋላ ያለው ኑሮ መልካም ነው። የምሠራው ጽሑፍና ሠንጠረዥ ላይ ስለሆነ ሩቅ መሆኔን እረሳዋለሁ፤ ቪዲዮ ግን በዚህ መስኮት ውስጥ ማየት ራስን ማድከም ነው። ከሁሉ የወደድሁት ግንኙነቱ ቢቋረጥ እንኳ ፕሮግራሞቹ ክፍት ሆነው መቆየታቸው ነው፤ ግማሽ ላይ የተውሁት ዓረፍተ ነገር ጠቋሚው ሳይነቃነቅ ይጠብቀኛል። በሦስተኛው ወር ገደማ ስክሪኑ በገባሁ በጥቂት ደቂቃ ድርቅ ይል ጀመር። ሪሞት ዴስክቶፕ መልእክቱ መድረሱን እያረጋገጠ ከሚልከው ከቲሲፒ ሌላ፣ ለፍጥነት ሲል ሳያረጋግጥ የሚልከውን ዩዲፒንም ይጠቀማል፤ እኔ ዘንድ በቪፒኤኑ ውስጥ ያልተስማማው ይህኛው ነበር። ግሩፕ ፖሊሲ በተባለው የዊንዶውስ ቅንብር ላፕቶፑ ላይ ዩዲፒን አጠፋሁና ድርቀቱ ቆመ። ከአንዱ ኮምፒውተር ገልብጦ ሌላው ላይ መለጠፍ ግን አሁንም አልፎ አልፎ ያቆማል። ያን ጊዜ በቢሮው ኮምፒውተር ታስክ ማናጀር ውስጥ ይህን መገልበጥና መለጠፍ የሚያስተናግደውን አርዲፒክሊፕ ዘግቼ እንደገና አስነሣዋለሁ።

አንድ ማታ ደግሞ ሪሞቱ ሙሉ ስክሪኑን ይዞት ሳለ ላፕቶፑን የዘጋሁ መስሎኝ የቢሮውን ዘጋሁት። መብራት ስላልተቋረጠ ያ የተመካሁበት የባዮስ ቅንብርም አላነሣው፤ ባልደረባዬ ጠዋት እስኪገባ እጄን አጣጥፌ ጠበቅሁ። በማግስቱ የቢሮውን ዴስክቶፕ ጀርባ ደማቅ ብርቱካናማ ቀባሁት። አጠገቤ የሚቀመጡት ዓይናችን ታመመ ይላሉ። እኔ ግን ብርቱካናማ ባየሁ ቁጥር እጄን ከመዝጊያው ላይ አነሣለሁ።