«ያልተከፈተውን ከስቶር ላምጣልህ» ካሏችሁ እምቢ በሉ

የጊታር አምፕ (የኤሌክትሪክ ጊታርን ድምጽ የሚያጎላውን ሳጥን) ልትገዙ ያሰባችሁ ሰዎች ይቺን አንብባችሁ ሂዱ። ንዴቴ ገና አልበረደም፣ ጽሁፉ ቢዘበራረቅ ይቅርታ፣ እቃው እዚህ አጠገቤ ተገትሯል ባየሁት ቁጥር ደሜ ይፈላል።

ሻጩን ታውቁታላችሁ፣ የትም ሙዚቃ ቤት አንድ አይጠፋም። ገና ከመግባትህ ኤሌክትሪክ ጊታር ከግድግዳ አውርዶ ራሱ ሶሎ ይለቅብሃል፣ ጣቱ እንደ ጉድ ይሮጣል፣ አንተ አፍህን ከፍተህ ታያለህ፣ ከዛ «እንካ ሞክረው» ብሎ ሲያቀብልህ በልብህ ገዝተህ ጨርሰሃል። የሚያቀብልህ ጊታር ደሞ የቤቱ ምርጥ ነው፣ ሀምበከር ፒክአፕ (ወፈር ያለ ድምጽ የሚሰጥ የክር ድምጽ መቀበያ) ያለው፣ ክሩ ስስ፣ በዛ ላይ ግማሽ ቶን ወርዶ የተቃኘ ስለሆነ ክሩን ገፍተህ ቤንድ ስታደርገው ቅቤ ነው። አንተ ቤት ያለችው ጊታር ሲንግል ኮይል (ቀጠን ያለ ድምጽ የሚሰጠው ሌላው ፒክአፕ) ትሁን ምን ትሁን የሚጠይቅህ የለም። ይሄ እንግዲህ የተለመደ ጨዋታ ነው፣ በሱ አልተናደድኩም።

የሞከርኩት አምፕ ቲዩብ ነበር፣ ማለትም ድምጹን እንደ አምፖል በሚግሉ የመስታወት ቱቦዎች የሚያጎላ። 15 ዋት ብቻ ነው፣ ከኋላው ጎንበስ ብለህ ስታየው ሁለቱ ኢኤል 84 የሚባሉት ቲዩቦች ቀላ ብለው ይታያሉ፣ ከጎናቸው ትንንሾቹ ቲዩቦች፣ 12 ኤኤክስ 7። ጌይኑን (ድምጹን የሚያሻክረውን ማዞሪያ) ግማሽ ላይ አድርጌ ቀስ ብዬ ስነካው ጥርት ያለ፣ ጠንከር አድርጌ ስመታው ሰንጠቅ የሚል፣ የጊታሩን ቮልዩም ትንሽ ስቀንስ ደሞ ተመልሶ የሚጠራ። ሰው ቲዩብ የሚፈልገው ለዚህ ነው እኮ፣ ለመጮህማ ማንኛውም አምፕ ይጮሃል። ብዙ ቆየሁበት፣ ሻጩም አልሰለቸም፣ ኧረ እንደውም ወንበር ስቦ አመጣልኝ። ዋጋ ተከራከርን፣ ትንሽ ቀነሰልኝ፣ ተስማማን።

እዚህ ጋ ልብ በሉ። «ይሄ የብዙ ሰው እጅ የነካው ነው፣ ላንተ ያልተከፈተውን ከስቶር ላምጣልህ» አለኝ። አሳቢነቱ! የሚላላካቸውን ልጅ ጠርቶ ጆሮው ላይ የሆነ ነገር አለው፣ ልጁ ወደ ኋላ ገብቶ ቆይቶ ቆይቶ ካርቶኑን በአንድ እጁ አንጠልጥሎ መጣ። በአንድ እጁ! ቲዩብ አምፕ ውስጥ እኮ ሁለት ከባድ የብረት ትራንስፎርመር አለ፣ አንዱ ለፓወሩ አንዱ ለእስፒከሩ፣ ትንሹ እንኳን ወገብ ይቆርጣል። ካርቶኑ ባንኮኒው ላይ ሲቀመጥ ስቲከር የተለጠፈበት ጎን ወደኔ ዞሮ ነበር። ሻጩ ከባንኮኒው ጀርባ ተነስቶ ወደኔ በኩል ዞሮ መጣ፣ እንደ ድንገት ደገፍ አለና መዳፉን ስቲከሩ ላይ ጣል አደረገ። ወሬ ጀመረ በቃ። ስለ ክር፣ ስለ ኬብል፣ ከማን ጋር እንደምጫወት፣ ባንድ አለህ ወይ ምናምን። በሌላኛው እጁ መሳቢያ ከፍቶ ሁለት ፒክ (የክር መምቻ) አወጣ፣ አንዱ ቀይ አንዱ ጥቁር፣ «ይሄ ከኔ ስጦታ ነው ወንድሜ» አለኝ። እኔ ፒኩን እያገላበጥኩ ነው፣ መዳፉ አልተነሳም። ገንዘብ ስቆጥር አልተነሳም፣ ካሸሯ ደረሰኝ ስትጽፍ አልተነሳም፣ በመጨረሻ ልጁ ካርቶኑን አንስቶ ታክሲ ድረስ ሲሸኘኝ ደሞ ያ ጎን የልጁ ደረት ላይ ነበር የተለጠፈው። ልጁም ስራውን ያውቃል ማለት ነው።

ቤት አደረስኩት፣ ሰካሁት፣ ማብሪያውን ጫን ሳደርግ ወዲያው ድምጽ መጣ። ወዲያው ነው የምላችሁ። ቲዩብ እስኪሞቅ 20፣ 30 ሰከንድ ይፈልጋል፣ እስከዛ ዝም ነው። ዞሬ ከኋላ አየሁት፣ የሚቀላ ነገር የለም፣ በቲዩብ ፈንታ በትራንዚስተር የሚሰራ ነው። ፊቱ ያው ነው፣ ያው ጨርቅ፣ ያው ማዞሪያዎች፣ ያው የአምራቹ ስም፣ የሞዴሉ ቁጥር መጨረሻ ላይ ያለችው አንዲት ፊደል ብቻ ትለያለች። መዳፉ ስር የነበረችው እሷ ናታ!

ትራንዚስተር ሁሉ ቆሻሻ ነው እያልኩ አይደለም ደሞ፣ ሮላንድ ጄሲ 120 ትራንዚስተር ነው፣ ከ1975 ጀምሮ ለክሊን (ጥርት ላለ፣ ላልሻከረ) ድምጽ ሰው የሚመኘው አምፕ ነው። እኔ ግን የከፈልኩት የሌላ አምፕ ዋጋ ነው፣ የመጣልኝ ደሞ ጌይን ሲጨመርበት ጥዝዝ ከማለት ውጪ የማያውቅ።

ተሸክሜው ተመለስኩ። ያ «ወንድሜ» ሲለኝ የነበረው ሰውዬ «አቤት፣ ምን ነበር?» አለኝ። የሞከርኩት አምፕ እዛው ቦታው ላይ ነው፣ ሌላ ልጅ እየሞከረበት፣ ያው ወንበር ላይ ተቀምጦ! ነገሩን ነገርኩት። «ያው ነው» አለ። ቲዩብ የለውም እኮ ስለው ወደ ካሸሯ ዞሮ «ዩቲዩብ ላይ አይተው ይመጡና ቲዩብ ቲዩብ ይሉብናል» አላት፣ ሳቀች። ቀጥሎ የዋት ወሬ አመጣ፣ «ያኛው 15 ነው፣ ይሄ 50 ነው፣ ጨምረን ነው የሰጠንህ፣ ልታመሰግን ሲገባህ»። ዋት ሶስት እጥፍ ስለሆነ ድምጹ ሶስት እጥፍ አይሆንም፣ ጆሮ ላይ እጥፍ እንዲመስል ዋቱ ወደ 10 እጥፍ መሆን አለበት፣ 50 ከ15 የሚበልጠው 5 ዴሲቤል አካባቢ ነው ብዬ ላስረዳው ብሞክር «እሺ ፕሮፌሰር» አለኝ።

ይሄ ሁሉ ይቅር። ያመጣሁትን አምፕ ራሱ ሰክቶ፣ ያቺን ምርጧን ጊታር አንስቶ፣ ሪቨርቡን (ድምጹን የሚያስተጋባውን ማዞሪያ) ጥግ ድረስ ከፍቶ ያንኑ ሶሎውን ለቀቀው፣ እያየኝ ነው የሚጫወተው፣ ሲጨርስ «ይኸው ይሰራል፣ ችግሩ ከእጅህ ነው» አለኝ። ሱቁ ውስጥ ያለ ሰው ሁሉ ዞሮ አየኝ። መጫወት አለመቻሌ ምን አገናኘው? ጀማሪ ብሆንስ፣ ለጀማሪ ሌላ እቃ ይሸጣል?

ደረሰኙን አውጥቼ ዘረጋሁለት። «ጊታር አምፕ 1» ይላል። ሞዴል የለ፣ ሴሪያል ቁጥር የለ፣ ለካ የካሸሯም እጅ አለበት። «የተሸጠ እቃ አይመለስም» የምትለዋን ወረቀት በአገጩ አሳየኝና፣ ልወጣ ስል «ካስቸገረህ በግማሽ ዋጋ እንቀበልሃለን» አለኝ። በግማሽ ዋጋ! ለነገ ሰው በሙሉ ሊሸጠው እኮ ነው።

እና ስትገዙ ካርቶኑ ፊታችሁ ይከፈት፣ እዛው ተሰክቶ ይሞከር፣ ሞዴሉና ሴሪያሉ ደረሰኙ ላይ ይጻፍ። ከተቻለ የራሳችሁን ጊታር ይዛችሁ ሂዱ፣ መጀመሪያ ሪቨርቡን ዘግታችሁ በክሊን ስሙት። ማሳያውን እራሱን ስጡኝ ስትሏቸው ፊታቸው ከተለወጠ ጥላችሁ ውጡ።

አምፑን ለሽያጭ አውጥቼዋለሁ፣ 50 ዋት፣ ትራንዚስተር፣ እላዩ ላይም በትልቁ ጽፌበታለሁ። የሚፈልግ በውስጥ ያናግረኝ፣ ሁለቱን ፒክ እመርቃለሁ።