መልኩን ሳትቀይር ፎቶውን ለምታሳምር ባለሙያ ምስጋናችን ይድረስሽ

ሰላም ወዳጆች። ይህን የምንጽፈው ለማመስገንም ለመጠቆምም ነው። የ14 ሰዎችን የፊት ፎቶ ሪተች ያደረገችልን (በኮምፒውተር ጉድለቱን ያረመችልን) ባለሙያ ሥራዋን አስረክባናለች። ፎቶ ማንሳት ሥራችን ስለሆነ ፋይሎቹን አንድ በአንድ ከፍተን፣ ሌየሮቹን (እርማቶቹ የተሠሩባቸውን ተደራራቢ ንጣፎች) እያበራንና እያጠፋን አይተናቸዋል። አምሯል ብለን ብቻ ብናልፍ ውለታዋን ማሳነስ ይሆናል። ምን እንደሠራች በዝርዝር እንናገር፤ እንዲህ ያለ ባለሙያ የምትፈልጉም ምን መጠየቅ እንዳለባችሁ ከዚሁ ታገኛላችሁ።

ከሁሉ በፊት ቆዳው ቆዳ ሆኖ ቀርቷል። ብዙ ቦታ የሚሠራውን ታውቁታላችሁ፦ ፊቱ በብለር (በማደብዘዣ) ይታሻል፣ የቆዳው ቀዳዳ ይጠፋል፣ ሰውየው ፕላስቲክ ይመስላል። እሷ ግን ከዋናው ፎቶ በላይ ባዶ ሌየር ከፍታ፣ ብጉሩንና የከንፈር ልጣጩን በሂሊንግ ብረሽ (ከሌላ የቆዳ ቦታ ናሙና ወስዶ ጉድለቱን በሚሸፍን መሣሪያ) አንድ በአንድ አንሥታለች። ዋናው ፎቶ ከሥር ሳይነካ ተቀምጧል። ብረሹ ከብጉሩ የሚበልጠው በጥቂቱ ነው፤ ጠርዙም ጠንከር ያለ ነው፤ ጠርዙ ከለሰለሰ በቦታው የደበዘዘ ቀለበት ይተዋል። ናሙናውን የምትወስደው ከዚያው አጠገብ ነው። የጉንጭ ቆዳ ግንባር ላይ ቢለጠፍ የቀዳዳው መጠን ስለማይመሳሰል ዓይን ወዲያው ይይዘዋል።

የምትነካውንና የማትነካውን የምትለይበት መንገድም ቀላል ነው። በሁለት ሳምንት ከፊት ላይ የሚጠፋ ነገር ከፎቶውም ይጠፋል። ማርያም የሳመችው ምልክት፣ የቆየ ጠባሳ፣ ሲሳቅ በዓይን ዳር የሚወጣው መስመር ግን ባለቤቱ ካልጠየቀ በቀር ይቆያል።

አንዱን ፎቶ ቀረብ ብለን እንየው። ጢሙን ተላጭቶ የተነሣ ጠይም ሰው ነው። አገጩ ሥርና አንገቱ ላይ የምላጭ ሽፍታ አለ፤ በዙሪያውም ቆዳው ጠቁሯል። እዚህ ላይ ችግሩ ሁለት ነው፦ እብጠቱ የቆዳው ሸካራነት ነው፣ ጥቁረቱ ደግሞ ቀለም። ስለዚህ ፍሪኩዌንሲ ሰፓሬሽን፣ ማለትም ሸካራነቱንና ቀለሙን በሁለት ሌየር የሚለይ ዘዴ፣ ተጠቀመች። ፎቶውን ሁለት ጊዜ ኮፒ አድርጋ፣ የታችኛውን የቆዳው ቀዳዳ እስኪጠፋ ድረስ በጋውሲያን ብለር አለዘበችው። የላይኛው ላይ በአፕላይ ኢሜጅ (አንዱን ሌየር ከሌላው ጋር በሚያሰላ ትእዛዝ) የታችኛውን ቀንሳ፣ ሌየሩ ከሥሩ ካለው ጋር የሚዋሃድበትን መንገድ ሊኒየር ላይት አደረገችው። ይህን በፎቶሾፕ ለመሞከር የምትፈልጉ ቁጥሮቹን ያዙ፦ የፋይሉ የቀለም ጥልቀት 8 ቢት ከሆነ ሰብትራክት፣ ስኬል 2፣ ኦፍሴት 128፤ 16 ቢት ከሆነ አድ፣ ኢንቨርት ምልክት ተደርጎበት፣ ስኬል 2፣ ኦፍሴት 0። ቁጥሩ ከተሳሳተ ሁለቱ ሌየሮች ሲደመሩ ዋናውን ፎቶ አይመልሱም፤ ሥራው ከመጀመሩ በፊት ያበላሸዋል።

ከዚያ እብጠቱን ከላይኛው ሌየር በክሎን ስታምፕ (ከሌላ ቦታ ገልብጦ በሚለጥፍ መሣሪያ)፣ ጥቁረቱን ከታችኛው ላይ በመጠኑ አነሣች። የአገጩን ጥላ ግን አልነካችውም። እኛን እጅግ ያስደሰተን እዚህ ላይ ማቆሟ ነው፤ ያ ጥላ ቢጠፋ ፊትና አንገት አንድ ላይ ይዋሃዱ ነበር። የግንባሩንም ብልጭታ ቀነሰችው እንጂ አላጠፋችውም። ጥቁርና ጠይም ቆዳ ላይ የፊት ቅርጽ በአብዛኛው የሚነበበው ከብርሃኑ ነጸብራቅ ነው። እሱን የሚያጠፋ ሰው ፊቱን ዝርግና አመድማ ያደርገዋል። ብርሃኑ ከመብዛቱ የተነሣ ቀለሙ ጭራሽ የጠፋ ቦታ ካለም ማጨለም ብቻውን ግራጫ ያወጣል፤ ከአጠገቡ የቆዳውን ቀለም ወስዶ በስሱ መቀባት ያስፈልጋል። እሷም ያደረገችው ይህንኑ ነው።

የቀረውን ያለዘበችው በዶጅ ኤንድ በርን፣ ማለትም ትንንሽ ቦታዎችን በማብራትና በማጨለም ነው። አንድ የሚያበራ፣ አንድ የሚያጨልም ከርቭ (የብርሃን ማስተካከያ ሌየር)፤ ማስካቸው (እርማቱ የት እንደሚታይ የሚወስነው መሸፈኛ) በጥቁር ተሞልቶ፣ በነጭ ብረሽ፣ ፍሎው (የብረሹ የቀለም ፍሰት) 2 በመቶ ላይ። ከላይ ለጊዜው የጥቁርና ነጭ ሌየር ታስቀምጣለች፤ ቀለም ሲጠፋ የብርሃን መዛነፉ ፈጦ ይወጣል። በዓይን ሥር ያለውን ጥላ ከግማሽ በላይ አልቀነሰችም። ጥርስ ላይ ቢጫውን ብቻ አደብዝዛለች። የዓይንን ነጭም የበረዶ ነጭ አላደረገችውም፤ የደም ሥሩ ይታያል። ሊክዊፋይን (ቅርጽ መለወጫውን) የነካችው ለተጨማደደ ኮሌታ ብቻ ነው፤ የማንም አገጭ አልጠበበም፣ አፍንጫም አልቀጠነም።

ከኋላ ያለው ግራጫ መጋረጃ ላይ ደግሞ እኛ ያላሰብነውን አይታለች። 8 ቢት ለእያንዳንዱ ቀለም 256 ደረጃ ብቻ ስላለው፣ ቀስ እያለ የሚጨልም ግራጫ ላይ ሰንበር ይወጣል። ሥራውን በ16 ቢት ሠርታ፣ መጨረሻ ላይ ሰንበሩ እንዳይታይ መጋረጃው ላይ ጥቂት ኖይዝ (ደቃቅ ነጠብጣብ) ጨምራበታለች።

ሥራ ከመጀመሯ በፊት ፎቶው የት እንደሚውል ጠይቃ ነበር። ያስረከበችን ሁለት ዓይነት ነው፦ ለስክሪን ኤስአርጂቢ (የስክሪን መደበኛ የቀለም ዓይነት) ጄፔግ፣ ለሕትመት ደግሞ 20 በ25 ሴንቲ ሜትር በ300 ፒፒአይ (በአንድ ኢንች 300 ፒክስል)፣ ማለትም 2362 በ2953 ፒክስል። ሻርፕ ያደረገችው (ጠርዞቹን ያጎላችው) መጠኑ ከተስተካከለ በኋላ ነው። ሞኒተሯም በመሣሪያ የተስተካከለ ነው። ይህን ጠይቁ፤ ሞኒተሩ ከመጠን በላይ የደመቀ ሰው የሚያስተካክለው ፎቶ ሲታተም ይጨልማል።

አንድ የምናስጠነቅቀው፣ ለነገ የሚደርስ ሥራ አትያዙላት። አትቸኩልም፤ እንዲህ ያለ ሥራም በጥድፊያ አይወጣም።

ወደ እሷ ስትልኩ የሮው ፋይሉን (ካሜራው የመዘገበውን፣ ያልተቀነባበረውን ጥሬ ፋይል) ላኩ። ከሌለ ከካሜራው የወጣውን ጄፔግ፣ ተከፍቶ ደጋግሞ ሴቭ ሳይደረግ። የስልክ ማሳመሪያ ፊልተር ያለፈበትን አትላኩ፤ የጠፋውን የቆዳ ገጽታ ማንም አይመልሰውም። እንዳይነካ የምትፈልጉትን ምልክት በጽሑፍ ንገሯት። ብዙ ፎቶ ካላችሁ መጀመሪያ አንዱን ብቻ አሠሩና በ100 በመቶ ዙም እዩት።

እህታችን፣ እጅሽን ቁርጥማት አይንካው። አድራሻዋን የምትፈልጉ በውስጥ መስመር ጻፉልን፤ እሷን ጠይቀን እናገናኛችኋለን።