እናቴን ላከመችልን የጥርስ ሐኪም ምስጋና

እናቴ አፏ ውስጥ ቁስል ሲወጣባት መጀመሪያ የተባለው «ምች ነው» ነበር። ዳማከሴ ተጨመቀላት። ከዚያ አንዱ ክሊኒክ የፈንገስ መድኃኒት፣ ሌላው አንቲባዮቲክ ሰጣት። አንዱ ቁስል ሲሽር ሌላው እየተከፈተ ወራት አለፉ። በርበሬ ያለበት ወጥ ይቅርና እንጀራው ራሱ ያቃጥላት ጀመር። አጥሚት ብቻ ቀረላት።

በኋላ ያገኘናት ወጣት የጥርስ ሐኪም ግን ጥርሷን አይታ ብቻ አልሸኘቻትም። «እማማ፣ ዓይንዎን ይቆጠቁጥዎታል? ሲውጡስ ያምዎታል? ጀርባዎ ላይ ውኃ የቋጠረ ነገር ወጥቶ ያውቃል?» እያለች ጠየቀቻት። ድዷን በጥጥ ቀስ አድርጋ ስትነካው ስስ ቆዳው ተገፎ መጣ። ወዲያው ናሙና ይወሰድ አለች። የወሰደችው ከቁስሉ መሀል ሳይሆን ከዳሩ ነው። መሀሉ ስለተላጠ ለምርመራ የሚሆን ነገር አይገኝበትም።

ውጤቱ ፔምፊገስ ቩልጋሪስ ሆነ። የሰውነት መከላከያ ተሳስቶ የአፍና የቆዳ ሴሎችን እርስ በርስ የሚያያይዘውን ፕሮቲን ሲያጠቃ የሚመጣ ሕመም ነው። ብዙ ጊዜ የሚጀምረው ከአፍ ነው፤ ቆዳ ላይ ከወራት በኋላ ሊወጣ ይችላል። የአፍ ቁስል ይዘን ዘነበወርቅ፣ አለርት ሆስፒታል የቆዳ ሕክምና ክፍል የተላክነውም ለዚህ ነው። ከሰው ወደ ሰው አይተላለፍም። ይህን የጥርስ ሐኪሟ ለእናቴ ደጋግማ ነግራታለች፤ የልጅ ልጆቿን ማጉረስ ትታ ነበርና።

አሁን እናቴ የተሳሳተውን የሰውነት መከላከያ የሚያበርዱ ሁለት መድኃኒቶች፣ ፕሬድኒሶሎንና አዛታዮፕሪን ትወስዳለች። ፕሬድኒሶሎን በራስ ፈቃድ ድንገት አይቆምም፤ ሐኪሙ ቀስ በቀስ ነው የሚቀንሰው። ስኳሯ፣ ግፊቷ፣ ደሟና ጉበቷ በየጊዜው ይታያል። የቆዳ ሐኪሞቹም እጃቸው ይባረክ።

እኔን በጣም የነካኝ ግን የጥርስ ሐኪሟ ልካን አለመርሳቷ ነው። እናቴ ስለሚያማት ጥርሷን መቦረሽ ትታ ነበር፤ ድዷ ላይ የተጠራቀመው ቆሻሻ ደግሞ ቁስሉን አባብሶት ነበር። ሳታጣድፍ በደንብ አጸዳችላት። ለስላሳ ብሩሽና አረፋ የማያበዛ የጥርስ ሳሙና አስመረጠቻት። መድኃኒቱ አፍ ላይ ፈንገስ ሊያመጣ ስለሚችል በቀጠሮዋ ሁሉ ያንንም ታይላታለች። ዛሬ እናቴ አልጫም ቢሆን እንጀራ ትበላለች። ዶክተርዬ፣ ክፉ አይንካሽ!

ከሁለት ሳምንት በላይ ያልዳነ የአፍ ቁስል ያለበት ሰው ቤታችሁ ካለ አታቆዩት። የሐኪሟን ስም ሳላስፈቅዳት እዚህ አልጽፍም፤ በውስጥ መስመር ጠይቁኝ፣ ክሊኒኳን እነግራችኋለሁ። ስትሄዱ እስካሁን የተወሰደውን መድኃኒት በሙሉ ይዛችሁ ሂዱ፤ ቀድማ የምትጠይቀው እሱን ነው።